ወንድሜ ጊቢ ጥሎ ሊወጣ ነው፣ እንዴት ላስቀረው?

ጥያቄ፦
ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን (አንደኛ ዓመት) ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር 1.80 መጣበት፣ ማትስ ደግሞ ኤፍ። «ሻንጣዬን ይዤ ልምጣ፣ ሥራ እፈልጋለሁ» ይላል። እናታችን እንጀራ እየሸጠች ነው ያስተማረችን፤ እስካሁን አልነገርናትም። ምን ብዬ ላሳምነው?

መልስ 1 (መምህር ነኝ)፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዝም ብሎ እንዳይጠፋ። ሳያሳውቅ የሄደ ተማሪ መመለሻው ከባድ ነው። የግድ ከሆነበት ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ይሙላ። ግን ለምን ይወጣል? ሂሳቡን አብራችሁ ሥሩት፦ የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት እኩል ከሆነ፣ በሁለተኛው 2.20 ቢያመጣ አጠቃላዩ 2.00 ይሞላል፤ ለመመረቅ የሚጠየቀውም እሱ ነው። 2.20 ማለት ሁሉም ሲ ሆኖ አንድ ሁለት ቢ ማለት ነው። ኤፉን መቼ እንደሚደግም አሁኑኑ አማካሪውን ይጠይቅ። የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ) ፈተና ታርሞ ሲመለስም ወረቀቱን ይዞ መምህሩ ቢሮ ይግባ። እኔን የሚያሳስበኝ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣው ልጅ አይደለም፤ ወረቀቱን ሊወስድ እንኳ የማይመጣው ነው።

መልስ 2፦
እኔ አራተኛ ዓመት ነኝ። ፍሬሽማን እያለሁ የጠቀመኝ ከዶርም ልጆች ጋር ማታ ላይብረሪ ገብቶ የድሮ ፈተና መሥራት ነው። ደግሞ ስለ ገንዘብ ጠይቂው። ለሃንድአውት ኮፒ ያጣ ልጅ አይናገርም።

ጠያቂዋ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደወልኩለት፤ የኮፒው ነገር እውነት ነው። ነገ በቴሌብር እልክለታለሁ፣ ሰኞ አማካሪው ጋ ሊሄድ ቃል ገብቶልኛል።