አዲስ መንገድ ይቅደም ወይስ የደቻቱ ግንብ ጥገና?

የውይይቱ አቅራቢ፣ ከከዚራ፦
ባለፈው ቅዳሜ በሰፈራችን በተደረገ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት አባል ለመጪው በጀት ዓመት ሦስት ሐሳብ አቅርበው ነበር። አንደኛው፣ ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተጠግኖ ሳያልቅ አዲስ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አይጀመር የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ለጸጥታ ከሚያዘው ገንዘብ ተሽከርካሪ ከመግዛት ይልቅ የመንገድ መብራትና የማኅበረሰብ አቀፍ ወንጀል መከላከል ሥራ ይቅደም የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥገና በየዓመቱ ከካፒታል በጀት ትርፍ የሚለመንበት አሠራር ቀርቶ ራሱን የቻለ ቋሚ የበጀት ርዕስ ይኑረው የሚል ነው። ሰዓቱ ስላለቀ ክርክሩ ሳይቋጭ ተበተንን፤ ስለዚህ እዚህ እንቀጥለው ብዬ አቅርቤዋለሁ። አቋሜን ልናገር፤ ሦስተኛውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፣ በመጀመሪያው ግን እስካሁን መወሰን አልቻልኩም።

ከዳር ሰፈር፦
የመጀመሪያውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የእኛ ሰፈር ሰው መንገድ የሚጠይቀው ለጌጥ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ይዟት አምቡላንስ ጠራን፤ መኪናው አስፋልቱ ካለቀበት ትንሽ አልፎ ጎርፍ በቦረቦረው አሸዋ ውስጥ ጎማው ሰጠመ። እኛ አራት ወንዶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ አንዱ በስልክ መብራት ከፊት እያሳየን፣ አስፋልቱ ድረስ ተሸከምናት። ልጁም እናቱም ደኅና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የምክር ቤቱ አባል የሕዝብ ደኅንነት ሲሉ ይህ ከደኅንነት የማይቆጠረው በምን ምክንያት ነው? ግብር የምንከፍለው እኩል ሆኖ ሳለ፣ ተራችን በደረሰ ቁጥር ሌላ አጣዳፊ ጉዳይ እየተነሣ ወደ ኋላ የምንገፋው እስከ መቼ ነው? በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ሲተገበር ደግሞ የቤታችን ግምት እንጂ የመንገዳችን አቧራ የሚታይ አይመስለኝም።

ከደቻቱ ዳር፦
ወንድሜ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲቱንም ቃል አልቃወምህም። እኔ ግን ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በዚህ ወንዝ ዳር የነበርኩ ሰው ነኝ። በዚያች ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ከእንቅልፋቸው እንኳ ሳይነቁ ነው የተወሰዱት። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል ውኃ ያስባል። ደቻቱ ግን አብዛኛውን የዓመቱን ቀን አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ያቋርጠዋል። ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ፣ ከደንገጎ ተራሮች ላይ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል፤ ስለዚህ ደመና አይቶ መሸሽ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ ግንብ ተሠርቷል፣ ሽቦ ውስጥ ድንጋይ ታጭቆ ጋቢዮን ተደርድሯል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን ግን ሄዳችሁ እዩት። ባለፈው ሳምንት እኔው ራሴ ከአንዱ ግንብ ሥር ተንበርክኬ እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ድረስ ገባ። መሠረቱ ሥር የነበረው አሸዋ የለም፤ ከፊሉን ጎርፉ ወስዶታል፣ ከፊሉን ደግሞ ለግንባታ የሚዝቁ ሰዎች ጭነውታል። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የአንድ ጋቢዮን ሽቦ ተቆርጦ ድንጋዩ ወደ አሸዋው ተዘርግፏል። እንዲህ ያለው ግንብ ባይኖር ሰው ይፈራል፣ ይጠነቀቃል፤ ሲኖር ግን ተማምኖበት ከጎኑ ቤት ይሠራል፣ ልጆቹን ያስተኛል።

የመጋላ ነጋዴ፦
ስለ ሁለተኛው ሐሳብ ማንም አላነሣም። እኔ ሱቄን የምዘጋው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ድሬዳዋ እንደምታውቁት ሙቀቱ በርዶ ሰው ወደ ገበያ የሚወጣው አመሻሽ ላይ ነው። መብራት ያለበት ጎዳና ላይ ሴቶቹም ሳንፈራ እንሄዳለን፤ ሦስት አምፖል የተቃጠለበት ጎዳና ላይ ግን ባጃጅ ለመያዝ የቀኑን ትርፍ እንከፍላለን። አዲስ ምሰሶ መትከል ብቻውን አይበቃም፤ የተቃጠለውን የሚቀይር ሠራተኛና መለዋወጫ በበጀቱ ውስጥ ይኑር። በዚህ ነጥብ የምክር ቤቱን አባል እደግፋቸዋለሁ።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ፦
ልጆቼ፣ ብዙ ዘመን በበጀት ሥራ ላይ ስለቆየሁ አንድ ነገር ላስገባ። ክርክሩ መንገድ ወይስ ግንብ በሚል መነሣቱ ራሱ ትክክል አይመስለኝም፤ ግንቡን የጎዳው የገንዘብ ማነስ ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነውና።

የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ይኸውም ደቻቱ በሚያስፈራበት ወቅት መሆኑ ነው። በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ለየመሥሪያ ቤቱ ይደለደላል፣ የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተጫራቾች ይወዳደራሉ፣ ቅሬታ ይሰማል፣ ውል ይፈረማል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ሁሉ ሲጠናቀቅ ብዙ ጊዜ ጥር ይገባ ነበር። ሥራ ተቋራጩ ማሽኑን አምጥቶ መሠረት መቆፈር ሲጀምር መጋቢት ይደርሳል፤ የበልግ ዝናብ ይጥላል፤ የተቆፈረው ጉድጓድ በደለል ይሞላል። ከዚያ ሰኔ መጣ ይባላል፤ ገንዘቡ ወደ ካዝና ተመላሽ እንዳይሆን ይሮጣል፤ በዚያ ጥድፊያም ሥራው ሳይሆን ክፍያው ብቻ ያልቃል። በጀት ተመድቦ ግንቡ ሳይጠገን የሚቀርበት መንገድ ይህ ነው። አዲስ መንገድ ሁሉ ቢታገድ እንኳ ይህ አይለወጥም፤ የተያዘው ገንዘብ ይጨምራል እንጂ ውሉ ያው ጥር ላይ ይፈረማል።

ስለዚህ ምክር ቤቱን የምጠይቀው የጥገናው ጨረታ ሰነድ በግንቦትና በሰኔ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ፣ በጀቱ በጸደቀ ማግስት ማስታወቂያው እንዲወጣና ውሉ በመስከረም እንዲፈረም ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ለሥራው ይበቃሉ። ሦስተኛው ሐሳብ፣ ማለትም ቋሚ የጥገና ርዕስ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በየዓመቱ ገንዘቡ ይኖራል አይኖርም እየተባለ ሰነድ ቀድሞ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የለምና። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ያላት፣ የራሷን ገቢ የምትሰበስብና የፌዴራል ድጎማም የምታገኝ አስተዳደር ናት፤ ይህን ያህል የማቀድ ሥልጣን አላት።

ደግሞም አስፋልትና ጋቢዮን ሙሉ በሙሉ አይሻሙም። አስፋልት ከባድ ማሽንና በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሬንጅ ይፈልጋል፤ ጋቢዮን ድንጋይ፣ ሽቦና የሰው ጉልበት ነው የሚፈልገው። የሚሻሙት ኮብልስቶንና ጋቢዮን ናቸው፤ ድንጋዩም የድንጋይ ሠራተኛውም አንድ ነውና፣ መቅደምና መከተል ካለበት እዚያ ላይ ነው።

ከዳር ሰፈር፦
ጋሼ፣ የቀን መቁጠሪያውን ነገር እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም መንገዱ አይጀመር የሚለው ቃል ከሐሳቡ ካልወጣ አልደግፈውም። የእኛ መንገድ ኮብልስቶን ሊሆን ይችላል፤ እስከ የካቲት ድረስ ድንጋይ ሠራተኛው ወደ ደቻቱ ይሂድ ቢባል እቀበላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣበት ወር ግን በጽሑፍ ይሰጠን። አንድ ነገርም ልጨምር። ከእኛ ሰፈር በላይ ከዚህ ቀደም ቦይ ሳይኖረው የተሠራ መንገድ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ውኃውን ሁሉ ሰብስቦ እኛ ላይ ይለቀዋል። አምቡላንሱን ያሰጠመው ቦረቦር የተቆፈረው በዚያ ውኃ ነው። ስለዚህ የመንገድ በጀት ሲጸድቅ የጎርፍ ማፋሰሻው ከውስጡ እንዳይነጠል፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነውና።

ከደቻቱ ዳር፦
በዚህ ተስማምተናል ማለት ነው። እኔም ከላይ ስላለው ተራራ አንድ ቃል ልጨምር። ግንቡ ምንም ቢጠነክር ደንገጎ ላይ እርከን ካልተሠራ፣ ችግኝ ካልተተከለ፣ ውኃው ከዓመት ዓመት እየፈጠነ ነው የሚወርደው። ከተፋሰሱ ከፊሉ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ስለሆነ የእኛ ምክር ቤት ብቻውን የሚወስነው አይደለም፤ ከጎረቤት ወረዳዎች ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ላይ ያለ ሰው ዝናቡን አይቶ ታች ላለው የሚደውልበት፣ የተቀበለውም ሌሊት ቢሆን በር የሚያንኳኳበት ሥርዓት የጸጥታ በጀት ውስጥ ይግባ። ወጪው ከአንድ ፒክአፕ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

የውይይቱ አቅራቢ፣ ከከዚራ፦
እኔም አሁን ወስኛለሁ፤ የመጀመሪያውን ሐሳብ አዲስ መንገድ አይጀመር ከሚለው እገዳ በቀር እደግፈዋለሁ። ለምክር ቤቱ አባል የሚሰጠውን ጽሑፍ ዛሬ ማታ አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የግንቡ ጥገና የጨረታ ሰነድ አሁን በማን እጅ ይገኛል፣ መቼስ ይጠናቀቃል የሚል ይሆናል፤ የማፋሰሻው፣ የመብራት መለዋወጫውና የስልክ ማስጠንቀቂያው ጉዳይ ይከተላሉ። የዳር ሰፈሩ መንገድ የሚጀመርበት ወር በግልጽ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ጽሑፉን ይዘን ከመሄዳችን በፊት ግን ሁላችንም ግንቡን በዓይናችን ማየት ይገባናል፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ሽቦው የተቆረጠበት ቦታ ላይ እንገናኝ።