ፒክአፑ ትልቅ ጎማ ከገባለት ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከካልጋሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ ፎርድ ሬንጀር አለው። ከዚህ ቸርኬ ከነጎማው ልኬለት ነበር። መልኩስ አምሯል። ነገር ግን ከ80 በላይ ሲነዳ መሪው እጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ ሲል ይጠፋል። ባላንስ ደጋግሞ አስደረገ፣ ለውጥ የለም። ጎሚስታው አሁን «ጎማው ራሱ ነው የተበላሸው፣ ሌላ ግዙ» እያለው ነው። አዲስ ጎማ እኮ ነው! የድሮው 265/65 አር 17 ነበር፤ የላክሁት 285/70 አር 17 ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ፣ ከዴንቨር

እህቴ፣ ሌላ ጎማ እንዳትገዢ። እኔ የምሠራው ጎማ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና እዚህም ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ንቅጥቅጡ የት እና መቼ እንደሚመጣ ይለይ። መሪው ላይ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ ነው። መቀመጫ ላይ ከሆነ የኋላው። ፍሬን ሲይዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስኩን እዩ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ ከሆነ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግና ክሮቸራውን (የዘንጉን መገጣጠሚያ)፤ በተለይ መኪናው ከፍ እንዲል ተደርጎ ከሆነ። ገና በ20 እና በ30 ከተወላገደ ቸርኬው ጠማማ ነው፣ ወይም ጎማው ክብነቱን አጥቷል። በ80 መጥቶ ቀስ ሲባል የሚጠፋ ግን ወይ ባላንስ ነው፣ ወይ ቸርኬው መሃሉን አልያዘም።

ሞተሩን ከጥርጣሬ ለማውጣት ንቅጥቅጡ ሲጀምር ማርሹን ለአፍታ ዜሮ አድርጎ ማየት ነው። ካልጠፋ ሞተሩ ነፃ ነው። ይሄን ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳ ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ይሞክረው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ግን ዜሮ ማርሽ የሚባል ነገር እንዳያስብ፤ ነፍስ ማጥፋት ነው።

ያንቺ ወንድም ችግር ግን ሁለተኛው ይመስለኛል፣ ቸርኬው መሃሉን አለመያዙ። የሬንጀር ሃብ፣ ማለትም ቸርኬው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ 93.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቶዮታ ሂሉክስ 106.1 ነው። ሁለቱም 6 ብሎን አላቸው፤ የብሎኖቹ ክብም 139.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ነው። ስለዚህ የቸርኬ አምራቾች የመሃሉን ቀዳዳ ለትልቁ መኪና አስፍተው ይሠሩና ለሁሉም ይሸጡታል። ሲታሰር ልክክ ይላል። ማንም ልብ አይለውም። ግን መሃል ላይ 13 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ፤ ዙሪያውን 6.5 ማለት ነው። ቸርኬው በሃቡ ሳይሆን በብሎኖቹ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ሾጣጣ ዳዶ መሃል የማስያዝ አቅም አለው፤ ይሄን ትርፍ የሚሞላ ቀለበት ሳይገባለት በሰላም የሚሄድ መኪናም ሞልቷል። ነገር ግን ጎማው መሬት ነክቶ እያለ ከታሰረ፣ ወይም በአየር ማሰሪያ አንዱ ዳዶ ድርግም ተደርጎ ከጠበቀ፣ ቸርኬው ትንሽ ወደ ጎን እንደሸሸ ይቀራል። ከ80 በላይ ለመንቀጥቀጥ ያቺ ትንሽ ትበቃለች።

ጎሚስታው ዋሽቷል ብዬ አላምንም። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ ሾጣጣ ብረት ነው፤ መሃሉን በትክክል ያስይዘዋል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ዜሮ ያሳያል። መኪናው ላይ ሲታሰር መሃሉን ይስታል። መቶ ጊዜ ባላንስ ቢደረግ ማሽኑ ያልታየውን ሊያስተካክል አይችልም።

መፍትሔው ቀለበት ነው፤ ከውጭ 106.1፣ ከውስጥ 93.1። መጀመሪያ ግን የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ በካሊፐር፣ በሚሊ ሜትር መለኪያው፣ ይለካ፤ 108 እና 110 የሆኑም አሉ። እዚህ በርካሽ ይገኛል። የፕላስቲክም የአሉሚኒየምም አለ፤ ለእኛ አገር ቁልቁለት እኔ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ፣ ፍሬን ይግላልና። እስኪደርስ መጠበቅ ካልፈለገ ደግሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቀረጽ ይችላል። ጎበዝ ባለ ቶርኖ አይከብደውም።

አስተሳሰሩም ወሳኝ ነው። ጎማው በክሪክ ይነሳ። ሃቡ ላይ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይፈግፈግ። ዳዶዎቹ በእጅ ይግቡ፤ ከዚያ አንዱን አስሮ ወደ ትይዩው እየዘለሉ ቀስ በቀስ ማጥበቅ ነው። መጨረሻ ላይ በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው ቁልፍ፣ የመኪናው መጽሐፍ በሚለው ልክ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ከሚኒያፖሊስ

ጋሼ ሁሉን ብለውታል፤ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ክረምት ላይ በረዶ ቸርኬው ውስጥ ገብቶ ሲጋገር መኪናው በድንገት መንዘፍዘፍ ይጀምራል። አዲስ የመጡ ልጆች ደንግጠው ጋራዥ ይሮጣሉ። በሙቅ ውኃ ማጠብ ብቻ ነበር የሚበቃው። አገር ቤት ደግሞ ጭቃው ያው ነው። እነዋሪ አካባቢ ያደገ ሰው የመረሬን፣ የጥቁሩን ጭቃ ነገር ያውቃል፤ ቸርኬ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ መዶሻ ነው የሚፈልገው። ወንድምሽ ከባላንስ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ጎን በደንብ ያሳጥብ። ጭቃ ላይ የተሠራ ባላንስ ጭቃው የወደቀ ዕለት አብሮ ይወድቃል።

ከካልጋሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ለካው፤ ልክ እንዳሉት 106 ሆኖ ተገኘ። ቀለበቱን ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ገጠመ። አሁን በ90 ዝም ብሏል። ወደ 100 ሲጠጋ ግን ትንሽ ይቀረዋል። ይሄስ ከምን ይመጣል?

ከዴንቨር

ጎሽ! አሁን ነው ባላንሱ ዋጋ የሚኖረው። አንድ ጊዜ በደንብ ያስደርግ፤ የውስጡም የውጩም ጎን ለየብቻ ተለክቶ። አንዳንዱ ጎሚስታ ቸርኬው እንዳያስጠላ ብሎ እርሳሱን፣ ማለትም የባላንስ ክብደቱን፣ አንድ ጎን ብቻ ይለጥፋል። ለጠባብ ጎማ ሊያልፍ ይችላል፤ ለሰፊ ጎማ አያዋጣም።

ማሽኑ ብዙ እርሳስ ከጠየቀ ጎማውን አውርዶ ቸርኬው ላይ በግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ መግጠም ነው። ጎማው ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ እሷ ቀላሉን ጎን ታሳያለች፤ ከቫልቮላው ጎን ትሁን። ሌላው፣ ጎማው ተነፍቶ ተጭኖበት በመርከብ ሲመጣ ሳምንታት ከቆየ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል። አንዳንዴ ጥሩ መንገድ ሲነዳ ሞቆ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልጠፋ ወደ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) እና ወደ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ይሄድ። ፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዞ መወዝወዝ ነው፤ መላላት ካለ እጅ ላይ ይሰማል። ትልቅ ጎማ ያረጀ ቴስቲና አይደብቅም። የድሮው ጎማ ቀላል ስለነበር ችሎት ኖሯል።

የቸርኬውን ኦፍሴትም ጠይቂልኝ፤ ቸርኬው ሃቡ ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ማለት ነው። የሬንጀሩ +55 ነው። አዲሱ 0 ከሆነ ጎማው 5.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ያኔ መሪው እያንዳንዷን ጉድጓድ ይናገራል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ያልቃል። ለዚህ ቀለበትም ባላንስም መድኃኒት አይሆኑም፤ ትክክለኛ ኦፍሴት ያለው ቸርኬ መፈለግ ነው።

የፍጥነቱ ነገርም አለ። አዲሱ ጎማ ከድሮው ወደ 54 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ 7 ከመቶ ነው። ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 107 አካባቢ እየሄደ ነው። ወንድምሽ «ወደ 100 ሲጠጋ» የሚለው እውነቱ ከዚያ በላይ ነው።

የጎማ ንፋስ ደግሞ ብዙ የተወራበት ነው። ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ «ሙቀቱ ያፈነዳዋል» ብለው ደብረ ብርሃን ላይ የሚያስተነፍሱ ሹፌሮች አሉ። ሙቀቱ ንፋሱን ይጨምራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ቆላ ሲወረድ የውጩ አየር ይከብዳልና በጌጅ የሚነበበው መልሶ ይቀንሳል። ሁለቱ ሊጣፉ ምንም አይቀራቸውም። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለክቶ ማስተካከል ነው፤ ከዚያ መተው።

ከዱባይ

ወንድሜ፣ ለአጎቴ ሂሉክስ 20 ኢንች ቸርኬ ልልክለት ነው። እሱ መሐል ሜዳ ነው ያለው። ምን ልጠንቀቅ?

ከዴንቨር

20 ኢንች ለመንዝ? እኔ አልልክም። 265/50 አር 20 ብትገዛ የጎማው ቁመት ከድሮው 265/65 አር 17 አይበልጥም፤ የጎማው ጎን ግን ከ172 ወደ 132 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጠጠሩን የሚችልልህ 4 ሳንቲ ሜትር ጎማ ሄደ ማለት ነው። ያ ሲጎድል ቸርኬው ይጣመማል። ከዚያ ንቅጥቅጡ ይመጣል፣ አጎትህም ይደውልልሃል።

የግድ ካልክ ከመክፈልህ በፊት ሻጩን የመሃል ቀዳዳውን ልክና ኦፍሴቱን ጠይቅ። ዳዶውንም አብረህ ግዛ። የሂሉክስ ኦሪጅናል አሎይ ቸርኬ ዳዶው ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ አብዛኛው ሾጣጣ ይፈልጋል። የድሮው ዳዶ ይገባል፣ ይጠብቃልም፣ ግን አይዝም። መንገድ ላይ ይላላል። ዳዶው ከቸርኬው ጋር በአንድ ካርቶን ይሂድ፤ መሐል ሜዳ ላይ ፈልጎ ማግኘቱን ለአጎትህ አትተውለት።