ነጭ አበባ ለምሽት፦ የግቢያችን የጋራ ሐሳብ ምን ይሁን?

ፀሐፊ፣ ብሎክ 3

ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ስብሰባ ላይ የተነሳውን የአበባ ነገር እዚህ እንጨርሰውና የጋራ ሐሳባችንን ፈርመን ለኮሚቴው እናስገባ። በውሃ ታንከሩና በብሎክ 3 መሃል ያለችውን ባዶ ቦታ ለካኋት፣ 4 ሜትር በ1.5 ሜትር ናት። ሐሳቡ ነጭ አበባ ብቻ ተክለን ማታ ማታ የምንቀመጥባት ቦታ እናድርጋት ነው። ለምን ነጭ ብቻ ላላችሁኝ፣ አብዛኞቻችን ቤት የምንገባው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፣ ሀዋሳ ላይ ደግሞ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቅና ወዲያው ይጨልማል። በዚያ ሰዓት ቀይ አበባ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ነጩ ግን ይቆያል። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ገና ከሩቅ የሚታየን በነጠላው አይደል? ለጊዜው ያሰብኩት ነጭ ቱሊፕና ነጭ ዳፎዲል ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ ቡልቡን፣ ማለትም የሚተከለውን ሽንኩርት መሳይ ሥሩን፣ ልታስመጡልን ትችላላችሁ?

ብሎክ 2፣ ሦስተኛ ፎቅ

ፀሐፊያችን ሐሳቡን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ቱሊፑ ግን ይቅር። እህቴ 20 ፍሬ ነጭ ቱሊፕ አምጥታልኝ ነበር። ብርድ ይፈልጋል ብላኝ ፍሪጅ ውስጥ፣ የአትክልት መሳቢያው ላይ፣ ከሙዝና ከአቮካዶ ጋር 12 ሳምንት አስቀመጥኩት። ከዚያ በረንዳ ላይ በገንቦ ተከልኩት። ቅጠሉ ወጣ፣ ደስ አለኝ፣ በየቀኑ ጠዋት ወጥቼ አያለሁ። እምቡጡ ግን ከቅጠሉ መሃል አልወጣ አለ። አንዱን ገልጬ ሳየው እንደ ደረቀ የስንዴ ፍሬ ተኮማትሮ ቀርቷል። 20ውም እንደዚያ። ለካ የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ እምቡጡን ውስጥ ለውስጥ ይገድለዋል። ማንም አልነገረኝም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ብሎክ 5፣ ግብርና የተማርኩት

እህቴ፣ አይዞሽ፣ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። ቱሊፕ ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሳያቋርጥ ካላገኘ በደንብ አያብብም፣ ዳፎዲሉም ብርድ ይፈልጋል። እኛ ያለነው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አፈራችን እንደዚያ ቀዝቅዞ አያውቅም። በየዓመቱ እያወጣን ፍሪጅ ልናስገባው ነው? መብራትስ ሲጠፋ? በእኔ በኩል ሐሳቡ ላይ ቱሊፕ የሚል ቃል ባይገባ ደስ ይለኛል።

የኛኑ አየር የሚወዱ አሉ እኮ። የመጀመሪያው ደግሞ የገዛ አገራችን ተክል ነው። ፈረንጆቹ የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ ይሉታል፣ ከኢትዮጵያ ጀምሮ ወደ ደቡብ በምሥራቅ አፍሪካ በዱር ይበቅላል። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። አበባው ነጭ ሆኖ መሃሉ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው የሚያብበው። ከአበባው ኋላ ጣት የሚያህል ረጅም ቱቦ አለው፣ ማሩ ታች ነው ያለው። ያንን ማር የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት እራት ነው፣ እሱ የሚመጣው ደግሞ ሲመሽ ስለሆነ አበባው ሽታውን የሚለቀው ማታ ነው። ለምሽት ተብሎ የተፈጠረ ተክል አገራችን እያለ ከአውሮፓ ቱሊፕ መለመን ልቤን አይሞላውም።

ሁለተኛው ቱቤሮዝ ነው። መነሻው ሜክሲኮ ነው፣ ሙቀት ይወዳል፣ ሽታው ማታ ይበረታል። ሦስተኛው ለጠርዙ የሚሆን ነጩ የዝናብ ሊሊ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ዝናብ ሲጥል ብድግ ብላ ታብባለች። ካላ ሊሊ ደግሞ ከታንከሩ ውሃ የሚንጠባጠብበት ጥግ ላይ ይሁን፣ እርጥብ ይወዳል።

ብሎክ 4፣ የሁለት ልጆች አባት

አንድ ነገር ልበል። የዝናብ ሊሊ ሥሩ ቁርጥ ቀይ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፣ ሲበላ ደግሞ መርዝ ነው። ዳፎዲልም እንደዚያው። ባለፈው ቤታችን የመጣ የአበባ ቡልብ ኩሽና ተቀምጦ ለወጥ ሊከተፍ ነበር፣ ባለቤቴ ደርሳ ነው ያስጣለችው። ስለዚህ ቡልቡ መጥቶ እስኪተከል ማንም ቤት ኩሽና አይገባም፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት ዕቃ ቤት ይቆለፍበት። ይህ ሐሳቡ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ አልፈርምም።

ብሎክ 5

ልክ ብለሃል። ካላውም ሲቀመስ አፍ ያቃጥላል። ይጻፍ።

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ ጥሩ ነው። እኔ ግን አስም አለብኝ፣ መስኮቴም ለቦታው ቅርብ ነው። የዚያ ቱቤሮዝ ሽታ ከባድ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ሌላው የመብራቱ ነገር። በብሎክ 3 ጥግ የተሰቀለው ትልቁ ነጭ ፓውዛ እስካለ ድረስ የምሽት አበባ የሚባል የለም። አበባው ይነጣል እንጂ አያምርም፣ የእሳት እራቱም አበባውን ትቶ መብራቱን ነው የሚዞረው። ለጥበቃ የሚያስፈልገው በሩ ጋ ነው። ወደ በሩ ይዙርና ለእኛ አንድ ትንሽ ቢጫ አምፖል ዝቅ ብሎ ይሰቀል። እግረ መንገዱንም ልጆቻችን ሰማዩን ይዩበት። የምንኖርበት አገር ሰው፣ ሲዳማው፣ የዘመን መለወጫውን የፊቼ ጨምበላላን ቀን የሚያውቀው አያንቶዎቹ፣ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎቹ፣ ኮከብ አይተው ሲነግሩት ነው፣ በዓሉ 2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ የኛ ልጆች ግን ከዚያ መብራት በታች አንድ ኮከብ አይታያቸውም።

ፀሐፊ፣ ብሎክ 3

ጋሼ፣ የመብራቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። ይገባል። ቱቤሮዙም ወደ ታንከሩ በኩል ይሂድልዎ፣ ነፋሱ ወደ መስኮትዎ እንዳያመጣው ሁለት ሦስት ቀን ምሽት ላይ ቆሜ አያለሁ። አሁን መቼ እንትከል? የሚመጣው ፋሲካ፣ የ2019ኙ፣ ሚያዝያ 24 ነው። ለዚያ ቢደርስ እንዴት ደስ ባለኝ።

ብሎክ 5

ግላዲዮለሱም ቱቤሮዙም ከተተከሉ 3 ወር ተኩል ገደማ ይፈልጋሉ። ከጥምቀት እስከ ፋሲካ 103 ቀን ነው፣ ስለዚህ በጥምቀት ሳምንት መትከል አለብን ማለት ነው። ግን ጥር ደረቅ ነው፣ የበልጉ ዝናብ እስኪጀምር በእጅ ውሃ ማጠጣት ግድ ነው፣ ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው። መጋቢት ላይ ብንተክል ዝናቡ ያግዘናል፣ አበባው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል።

ብሎክ 2

ግማሹን ጥር፣ ግማሹን መጋቢት እንትከል። የጥሩን እኔ አጠጣለሁ። ጎመንና ድንች ያጠብኩበትን ውሃ ነው የምደፋው፣ ሳሙና የነካውን አልጨምርም። ተራ የሚገባልኝ ካለ ስሙን ይላክልኝ።

ብሎክ 4

እሮብና ቅዳሜ እኔ። ፍልፈሉስ? ያምናውን ድንቼን የጨረሰው እሱ ነው።

ብሎክ 5

ከሥር የሽቦ ወንፊት እናነጥፋለን፣ 30 ሴንቲ ቆፍረን። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ቡልቡ አይበሰብስም፣ ግን ምንም አይዝም፣ የከረመ ፍግ በደንብ ይግባበት። ግላዲዮለሱ 10 ሴንቲ ጥልቀት፣ በ15 ሴንቲ ልዩነት ይተከላል፣ በ2 ካሬ 90 ያህል ይይዛል። ቱቤሮዙ በ20 ሴንቲ ልዩነት፣ በ2 ካሬ 50። ጠርዙ ዙሪያውን 11 ሜትር ነው፣ በየ10 ሴንቲው አንድ የዝናብ ሊሊ ካልን 110። የቀረው 2 ካሬ ለካላውና ለመቀመጫው። አንድ ነገር አደራ፣ ከዱር ቆፍሮ የሚያመጣ ሰው እንዳይኖር፣ ከችግኝ ጣቢያ ብቻ ነው የምንገዛው።

ገንዘብ ያዥ፣ ብሎክ 6

ሁሉንም አንብቤያለሁ። ዋጋ ሳይጠየቅ መዋጮ አልሰበስብም። ቅዳሜ ከብሎክ 5 ጋር ችግኝ ጣቢያዎቹን እንዞራለን። ግላዲዮለሱ ለጥር ካልደረሰ ጥሩን በቱቤሮዝ እንጀምራለን፣ ግላዲዮለሱ መጋቢት ይገባል።

ፀሐፊ፣ ብሎክ 3

ለኮሚቴው የምጽፈው ይኸውላችሁ፣ የጎደለ ካለ እስከ ነገ ማታ ንገሩኝ፦ «ከታንከሩ አጠገብ ያለው 6 ካሬ ቦታ ለነጭ የምሽት አበባ ይሰጠን። የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ፣ ቱቤሮዝ፣ የዝናብ ሊሊና ካላ በጥርና በመጋቢት በሁለት ዙር ይተከላል። ቱቤሮዙ ከመኖሪያ መስኮት ርቆ ይሆናል። ትልቁ መብራት ወደ በሩ ይዞራል። ቡልቡ ዕቃ ቤት ተቆልፎ ይቀመጣል፣ ማንም ቤት ኩሽና አይገባም። ውሃ ማጠጣቱ በተራ ነው።»

ብሎክ 1፣ ምድር ቤት

መቀመጫው መደገፊያ ያለው ይሁን ብለህ ጨምርበት ልጄ። ያለ መደገፊያ ብዙ አልቆይም፣ እኔ ደግሞ የእሳት እራቱ እስኪመጣ መቆየት እፈልጋለሁ።