«እስከ 8 ሜትር ይስባል» ብዬ ጽፌ ጉድ ሆንኩ

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦
ሰላም ናችሁ። ሥራዬ በፍሪላንስ የማሽንና የአፕ መመሪያ መጻፍ ነው። በቅርቡ ለአንድ አስመጪ የቤንዚን ውሃ ፓምፕ መመሪያ በአማርኛ ጻፍኩ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ቻይንኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሊት ኔትወርክ ሲሻሻል ጋቢዬን ተከናንቤ ጎግል ሳደርግ አደርኩ። አንድ የሻጭ ገጽ «እስከ 8 ሜትር ይስባል» ይላል። ሌሎች አራት ገጾችም ያንኑ። አምስት ምስክር ካለ ምን ቀረ? ጻፍኩት።

ትናንት አንድ የመንዝ ገበሬ ደውለው «ጉድጓዴ 7 ሜትር ነው፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም» አሉ። አስመጪው እኔን ያዘኝ። እናንተ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ቁጥር እንዴት ነው የምታጣሩት?

መካኒክ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ፓምፕ ውሃ አይጎትትም፤ ከውጭ ያለው አየር ነው ተጭኖ የሚያወጣው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል። ባሕር ጠለል ላይ በስሌት 10.3 ሜትር የሚወጣው እናንተ ጋ 7 ገደማ ነው። በቱቦው የሚባክነው ሲቀነስ 5 ሜትር ከሳበ ተመስገን ነው። እኛ ቆላዎቹ ትንሽ ይሻለናል። ደግሞ «ፓምፑን ጉድጓድ ውስጥ አውርዱት» ብለህ እንዳትጽፍ! የቤንዚን ጭስ እዚያ ውስጥ ሰው ይገድላል።

ተርጓሚ፣ ደብረ ሲና፦
አምስት ገጽ አምስት ምስክር አይደለም፣ አንዱ ከአንዱ ገልብጦ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በትምህርተ ጥቅስ ከተህ ፈልገው፣ የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ዓይነት ይሆናል። እኔ መጀመሪያ የማስልከው ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ ፎቶ ነው። በቴሌግራም እንደ ፋይል ይላኩልህ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱ ይወርድና የሞዴል ቁጥሩ አይነበብም። በዚያ ቁጥር የፋብሪካውን ፒዲኤፍ ፈልግ። ገጹ ከተነሳ ዌይባክ ማሽን (የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ) ላይ ሞክር። አንዴ ካወረድከው መብራት ቢሄድም፣ ፓኬጅ ቢያልቅም እጅህ ላይ ነው።

ጠያቂ፦
ፒዲኤፉ ተገኘ። ከሠንጠረዡ ግርጌ፣ በጉንዳን ፊደል፣ «በባሕር ጠለል» ይላል። 8ን አውጥቼ በየከፍታው የሚለይ ሠንጠረዥ አስገባሁ፣ የጭሱንም ማስጠንቀቂያ። ለገበሬው ራሴ ደውዬ «አባቴ፣ እናንተ ጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እኛ በምን እየተነፈስን ነው?» አሉኝ።