አካውንቴ ተዘጋ፣ የሁለት ሳምንት ሂሳቤም ተያዘ፦ ነገ ልፈርም?

ሞተረኛው፦ ወንድሞች በአስቸኳይ! ትናንት ማታ ሲኤምሲ መኪና ገጭቶኝ ሞተሩ ፊቱ ተሰባበረ፣ እግሬም አብጧል። ጠዋት የምሠራበትን የዴሊቨሪ አፕ ስከፍት አካውንቴ ተዘግቷል። የድርጅቱ ኃላፊ ጋ ብደውል «ጥገናው ከሂሳብህ ይቆረጣል፣ አንተ በኮሚሽን የምትሠራ እንጂ ሠራተኛ አይደለህም» አለኝ። ነገ መጥተህ ወረቀት ፈርም ብለዋል። የቤት ኪራይ ደርሷል። ልፈርም?

ፈጣኑ፦ አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው። የኔም እንደዚህ ሆኖ ተከፍቷል።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ። ግን እናንተ ልጆች ውል ሳታነቡ ነው የምትፈርሙት። በኛ ጊዜ ሰው ሥራ ሲገባ ውሉን ለሚያነብለት ሰው አሳይቶ ነበር። ሄልሜትስ አድርገህ ነበር?

ቄራ ልጅ፦ ቆይ፣ በእርግጥ ሠራተኛ ነህ? ሞተሩ የማን ነው? የራስህን ሞተር ይዘህ ደስ ባለህ ሰዓት የምትወጣ ከሆነ ክርክሩ ይከብድሃል።

ሞተረኛው፦ የነሱ ነው እንጂ! ዩኒፎርሙም የነሱ። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ሺፍት አለኝ፣ ኦርደር እምቢ ካልኩ ቅጣት አለ።

ፈጣኑ፦ ካልሆነ ስልኩን ሪስታርት አድርገው።

አሥራ ሁለት ሰዓት፦ የሞተሩ ባትሪ እንኳን ከአንተ የተሻለ ያርፋል 😂 አይዞህ ወንድሜ።

የሥራ ክርክር፦ አፑን እንዳታጠፋው! የኦርደር ታሪክህ፣ የሺፍት መልእክቱ፣ ቅጣቱ ሁሉ ማስረጃህ ነው። የሚከፈተውን ሁሉ አሁኑኑ ስክሪንሾት አንሳ፣ የቴሌብርና የባንክ ገቢህንም አስቀምጥ።

ነገም አትፈርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 እንደሚለው አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። ሲቆረጥም ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የሚያስፈርሙህ ወረቀት ይኸው የጽሑፍ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ቅጂ ተቀብለህ «አማክሬ እመለሳለሁ» በል።

«ሠራተኛ አይደለህም» ማለታቸው ብቻውን አያበቃም። አንቀጽ 4 የሚጠይቀው በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለህ መሥራትህን ነው፤ ለተወሰነ ሥራም ቢሆን። ሺፍት፣ ቅጣት፣ የነሱ ሞተር፣ ሁሉም ለአንተ ይመሰክራሉ። የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ ከተባልክ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ የሠራኸው ትርፍ ሰዓት ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው።

ቄራ ልጅ፦ እሺ ይሁን፣ ግን ጠበቃ ማን ይከፍልለታል? ሲከራከር ዓመት ያልፋል።

የሥራ ክርክር፦ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። መጀመሪያ ግን የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ያመልክት፣ ያስታርቁታል። ቀኑ ግን ይቆጠራል፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ 3 ወር ካለፈው፣ የደመወዝ ጥያቄ 6 ወር ካለፈው ይታገዳል።

ጋሼ፦ እኔም የምለው ይኸው ነው፣ ሳያነቡ መፈረም የለም። ሕክምናህን አትዘግይ፣ የሐኪም ወረቀቱንም ያዝ።

የሥራ ክርክር፦ ልክ ብለዋል ጋሼ። ሞተረኛው፣ የገጨህን መኪና ታርጋ ይዘሃል? ትራፊክ ፖሊስስ መዝግቦታል? መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ስለሚገባ የሕክምናህም የሞተሩም ጉዳይ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል።

ፈጣኑ፦ አፑ ተከፈተልህ?