ቡናው የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፤ ምን ላድርግ?

የቡና ወዳጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከሁለት ወር ተኩል በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር አልሸተኝ አለ። በኋላ ሲመለስ ተበላሽቶ መጣ። ቡና ስቆላ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ሽንኩርት ሲቁላላማ ቤቱን ጥዬ ነው የምወጣው። ልጆቼ "እማዬ፣ ምንም የለም እኮ" ይሉኛል። የሚገርመው ጨው ይታወቀኛል፣ በርበሬም ያቃጥለኛል። አፍንጫዬ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?

ፌጦ፦
ስሜን እይው! ፌጦ ወቅጠሽ አፍንጫሽ ውስጥ ጨምሪበት።

ነርሷ፦
ኧረ ተይ እህቴ፣ እንዳታደርጊው! ፌጦም በርበሬም የሚያቃጥለው በሌላ ነርቭ በኩል ነው፤ ሕመም በሚያስተላልፈው። እሱ ስላልተጎዳ ነው ማቃጠሉ ያልጠፋብሽ። ሽታውን ግን አይመልስልሽም።

ምላስ ብቻዋን የምትለየው ጣፋጭ፣ ጨው፣ ኮምጣጣ፣ መራራ እና የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ነው። የቀረው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣ ሽታ ነው። ልጆችሽ አፍንጫቸውን ይዘው ከረሜላ ይቅመሱ፤ ስኳር ብቻ ይሆንባቸዋል።

አፍንጫችን ውስጥ ወደ 400 ዓይነት የሽታ ተቀባዮች አሉ። የቡና ሽታ ብዙዎቹን በአንዴ ይነካል። አንጎል መልእክቱን ሰብስቦ ነው "ቡና" የሚለው። ከጉንፋኑ በኋላ ገሚሱ ብቻ ሲያገግም ግን የሚደርሰው ቁርጥራጭ ነው። አንጎልሽ ያንን ነው ጎማ ብሎ የሚያነበው። ቡና፣ ሽንኩርትና የተጠበሰ ሥጋ በዚህ የታወቁ ናቸው። ነርቮቹ እንደገና ስለሚበቅሉ ብዙ ሰው ይሻለዋል፤ ወራት ግን ይፈጃል።

ቅርንፉድ በኪሴ፦
እኔን ከኮቪድ በኋላ እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ሐኪሜ የሽታ ልምምድ አዘዘልኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው፤ ጽጌረዳ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ባሕር ዛፍ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት። እኔ ጽጌረዳ ስላጣሁ በጤና አዳም ተካሁት። እያንዳንዱን 20 ሰከንድ ያህል ቀስ ብለሽ አሽትቺ። ስታሸቺ "ይሄ ሎሚ ነው" እያልሽ አስቢ፤ አንጎልም ይለማመድ። የመጀመሪያው ወር ምንም ለውጥ የለም፣ ተስፋ ያስቆርጣል። በሦስተኛው ወር ጤና አዳሙ ድንገት ጤና አዳም ሆነ። በደስታ አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ነርሷ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። በጋዝ የምታበስዪ ከሆነ ቢያፈተልክም ላይሸትሽ ይችላልና ማታ ማታ መዝጋትሽን አረጋግጪ። የወጥ ድስት ላይ ቀኑን ጻፊበት። ሽታው በአንዱ አፍንጫ ብቻ ከጠፋ ወይም ከአፍንጫሽ ደም ከወጣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ።

የቡና ወዳጅ፦
ተባረኩ! ቅርንፉዱን ዛሬ ጀመርኩ። ቡናዬንስ እስኪሻለኝ ልተወው?

ቅርንፉድ በኪሴ፦
መቁላቱን ለልጆቹ ተዪላቸው። አንቺ አቀዝቅዘሽ ጠጪ፤ ትኩስ ሲሆን ነው ሽታው የሚበረታው።