ሙዝ የያዘ ሰው ጀልባ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

የደንገል ልጅ፣ ከባሕር ዳር፦

እሑድ በሚደረገው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ፣ ሙዝ ገደ ቢስ ነው፣ መረብ ባዶ ያስወጣል ተብሎ «ሙዝ ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እዚህ እንከራከርበት። ነገሩ የተነሣው በእኔ ነውና አስቀድሜ የሆነውን ልናገር።

ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ማታ የጣልነውን መረብ ልናነሣ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ወሩ የዐቢይ ጾም ስለሆነ እናቴ ከሰዓት በኋላ የምቀምሰው አራት ሙዝና ግማሽ ዳቦ በፌስታል ቋጥራልኛለች። አንድ እግሬ ጀልባው ላይ፣ ሌላው ገና ጭቃው ውስጥ እያለ የጀልባው መሪ የእጅ ባትሪውን ፌስታሉ ላይ አበራ። «ይህን ወደ ውኃው ጣልና ውጣ» አለኝ። እኔ ደግሞ እህል ውኃ ላይ አይጣልም እየተባልሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ አልጣልሁም። «እንግዲያው ቅር» አለና ሞተሩን አስነሣ። ረፋድ ላይ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ሦስት አምባዛና አንድ ሳፋ የማይሞላ ቆረሶ ነበር። ሙዙ ከእኔ ጋር ዳር ላይ ቀርቶ ሳለ ማለት ነው። የዕለት ድርሻዬ ግን ቀረ። በዚህ ኑሮ የአንድ ቀን ድርሻ ማጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም።

መልሕቅ፣ ከባሕር ዳር፦

የጀልባው መሪ እኔ ነኝ። ስሜን ስላልጠራህ አመሰግንሃለሁ፣ ልጄ። የተናገርኸውም ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹን ትተሃል። ከሐሙስ በፊት ሦስት ቀን በተከታታይ ባዶ መረብ አንሥተናል፤ በሦስቱም ቀን ሙዝ ይዘህ ነበር። ልጣጩን ከጀልባው ወለል ላይ የለቀምሁት እኔ ነኝ።

ይህን ነገር ከራሴ አላመጣሁትም። ከዓመታት በፊት በመንጠቆ ማጥመድ የሚወዱ የውጭ አገር እንግዶች ይዤ ስወጣ፣ አንዱ ሽማግሌ በስንቁ ውስጥ ሙዝ አይቶ ካልወረደ አልሄድም አለ። ሙዙ ወረደ። በዚያን ቀን ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ያዝን። ሰውዬው ብዙ ባሕር ያየ ነው፤ ያለ ነገር እንዲህ አይልም ብዬ ተቀበልሁት።

ደግሞም የምናገረው ስለ ገድ ብቻ አይደለም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል፤ ሳይታሰብም ይመጣል። በዚያች ሰዓት ጀልባው ላይ ያለው ሁሉ ለአንድ ቃል መታዘዝ አለበት። «ለምን?» እያለ የሚጠይቅ ካለ እንገለበጣለን። ዛሬ በአራት ሙዝ ያልታዘዘኝ ሰው ነገ «መረቡን ቁረጠው» ስለው ይታዘዘኛል?

ደጀን፦

ጋሼ መልሕቅ እውነታቸውን ነው። ገድ የለም የሚል የጎጃም ሰው አሳዩኝ። አባቴ ገበያ ሲወጣ ባዶ እንስራ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካጋጠመችው ተመልሶ ቤቱ ይገባ ነበር። ሙሉ እንስራ ካጋጠመው ፊቱ ይበራል። በዚህ ጥንቃቄ ስምንት ልጅ አሳድጓል።

የዘጌዋ፦

ወንድሜ ደጀን፣ ባዶ እንስራ ያዘለችው ሴት እኮ ውኃ ልትቀዳ እየሄደች ነው። በባዶ ካልሄደች በሙሉ አትመለስም። አባትህ ያዩት የእርሷን የሥራ መጀመሪያ ነው፤ እርሷ ግን እንደ ክፉ ነገር ተቆጠረች።

እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ስመላለስ 14 ዓመት ሆነኝ። አንድ ጊዜ፣ ገና ስጀምር፣ አንድ ባለ ጀልባ «ጠዋት መጀመሪያ ሴት ከወጣችበት መረቡ ባዶ ይወጣል» ብሎ ከነዘንቢሌ አወረደኝ። በዘንቢሌ ውስጥ ለገበያ የያዝሁት ሎሚና ጌሾ ነበር። ዳር ላይ ቆሜ ጀልባው ከዓይኔ እስኪጠፋ አየሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠረጠርሁ። ለብዙ ቀናት ጠዋት ከቤት ስወጣ ለሰው ሁሉ ገደ ቢስ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ጋሼ መልሕቅ፣ እርስዎን የማውቅዎ በደግነትዎ ነው፤ ነገር ግን ይህ ልጅ ሐሙስ ዕለት ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን እያሰበ እንደሄደ እኔ አውቃለሁ።

የዳንግላ ልጅ፣ ከፍሎሪዳ፦

ነገሩ ከምኖርበት አገር የመጣ ስለሆነ የማውቀውን ልጨምር። ሙዝ በጀልባ ላይ ክፉ ዕድል ያመጣል የሚለው እምነት በተለይ በሃዋይና እዚህ ፍሎሪዳ ሰው አሳፍረው ለማጥመድ በሚወጡ የጀልባ መሪዎች ዘንድ ጠንካራ ነው። የሙዝ ስም የተጻፈበትን የፀሐይ ቅባት እንኳን ጀልባ ላይ የማያስወጡ አሉ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አንድ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጃማይካና ከመካከለኛው አሜሪካ ወደ ቦስተንና ወደ ኒው ኦርሊንስ ሙዝ የሚጭኑ መርከቦች ጭነቱ ሳይበሰብስ ለመድረስ ስለሚከንፉ፣ ከኋላቸው መንጠቆ የሚጎትት መርከበኛ ምንም አይይዝም ነበር የሚሉ አሉ። በሙዝ ዘለላ ውስጥ ተደብቆ የሚገባው መርዛማ ሸረሪት ነው የሚሉም አሉ። ሌሎች ደግሞ ሙዝ ሲበስል የሚያወጣውን ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያነሣሉ፤ ይህ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ፍራፍሬ ቶሎ እንደሚያበስል የታወቀ ነው፤ በረጅም ጉዞ ላይ ስንቅ ያበላሻል።

እነዚህ ሁሉ ለሳምንታት ለሚጓዝ፣ በሺህ የሚቆጠር ዘለላ ለጫነ መርከብ ቢነገሩ ያስኬዳሉ። ሌሊት ወጥቶ ረፋድ ለሚመለስ ጀልባና ለአራት ሙዝ ግን አንዱም አይሠራም። መረብ ደግሞ እንደ መንጠቆ ከጀልባ ኋላ አይጎተትም፤ ማታ ተጥሎ ያድራል። ሙዙ ሲመጣ ዓሣው የተያዘው ተይዟል፣ ያመለጠው አምልጧል።

እያንዳንዱ ባሕር የራሱ አለው። በስኮትላንድ የዓሣ አስጋሪ መንደሮች ባሕር ላይ የአሳማን ስም መጥራት ነውር ነበር፤ የፈረንሳይ መርከበኞች ደግሞ ጥንቸልን አይጠሩም፤ ገመድ ስለሚበላ ነው ይባላል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሃዋይ ታሪክ ነው። በዚያ በቀድሞው ሥርዓት ሙዝ ለሴቶች ክልክል ነበር፤ ክልከላው የተሻረው በ1819 እ.ኤ.አ. ነው። የዘጌዋ እኅቴ የነገረችንን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ።

ዲያቆን፣ ከመርጡለ ማርያም፦

ጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ መረብ ያነሣ ቀን ስለ ስንቁ ማንም አልጠየቀውም። ክርስቲያን ነን ካልን ዕድላችንን በፍራፍሬ ላይ ማንጠልጠል ባዕድ አምልኮ ነው። ይህን በደንብ ላይ ጽፈን ማኅተም ልናሳርፍበት?

ደጀን፦

ዲያቆን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅርፊት የለውም ብለን አምባዛ የማንበላ ስንት ነን? እርሱስ?

ዲያቆን፣ ከመርጡለ ማርያም፦

የኦሪትን ሕግ ጠብቆ የማይበላ ሰው የሚከለክለው የራሱን አፍ ነው። አምባዛ የሚበላውን ጎረቤቱን ከሥራው አያባርርም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መምህር፣ ከቡሬ፦

ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። የተወለድሁት ግን ግልገል አባይ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው፤ ልጅ ሆኜ መረብ ጎትቻለሁ። እስካሁን ስለ ሙዝ ብዙ ተባለ። ስለ ዓሣው ግን ማንም አልተናገረም፤ የእኔም ቅሬታ እርሱ ነው።

ነጭ ዓሣ የምንለው ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወደ ወንዞች ይወጣል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፤ ጠጠር ያለበትን፣ ውኃው የሚሮጥበትን ቦታ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን እናቶችን ነው። አንድ ቀን ከዚያ የመጣች ነጭ ዓሣ ስትሰነጠቅ ቆሜ አይቻለሁ። ሆዷ ሲከፈት እንደ ማሽላ ፍሬ ያለ ቢጫ እንቁላል ከሰንጣቂው እጅ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ውሻ ላሰው። ይህ የአንድ ዓሣ ነው። በአንድ ሌሊት ስንት ዓሣ፣ በስንት መረብ?

የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ላይ የተስፋፋው በእኛ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ተመራማሪዎች በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ባደረጉት ንጽጽር ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። እንቦጭ ሐይቁን መውረር የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቆረሶ የሚራባበትን የዳር ውኃ ሸፈነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል፤ አዋጁ ወረቀት ላይ አለ፣ ወንዙ አፍ ላይ ግን መረቡ አለ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ባዶ መረብ ስናነሣ የኖርነው ስለዚህ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ የመረብ ባለቤቶችን መናገር ስለከበደን የልጁን ፌስታል ያዝን።

ጋሼ መልሕቅ ስለ መታዘዝ ያሉትን ግን አልንቀውም። በማዕበል ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ መሰማት አለበት። የሙዝ ልጣጭም በረጠበ ወለል ላይ አደጋ ነው። «ምግብ በተከደነ ዕቃ ይያዝ፣ ልጣጭ ወለል ላይ አይጣል» የሚል ደንብ ቢመጣ እጄን አወጣለሁ። ሙዝ የሚል ቃል ግን አያስፈልገውም፤ ብርቱካንም ያንሸራትታል።

ደጀን፦

መምህር፣ ወንዙ አፍ ላይ የሚጥለው ሌላ ነው። እኛ ብንተው እነርሱ ይይዙታል።

መምህር፣ ከቡሬ፦

እነርሱም ስለ እናንተ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰምቻቸዋለሁ።

መልሕቅ፣ ከባሕር ዳር፦

ሌሊቱን ስታነቡ አድራችሁ ከሆነ እኔም እንደዚያው ነኝ። ቀስ ብዬ ልመልስ።

ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ ወንዝ እንደሚወጣ ለእኔ አይነገረኝም፤ አባቴ በደንገል ታንኳ ሲያሰግር ነግሮኛል። ታንኳ ብዙ አያስቆይም፤ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዳር አውጥተህ ታደርቀዋለህ። እኛ በምናደርቅበት ጊዜ ዓሣው ያርፍ ነበር። ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን የሚያርፍ የለም። አዎ፣ ሐምሌ ላይ ግልገል አባይ አፍ ላይ መረብ ጥያለሁ። ልጆች ነበሩኝ፣ የሞተሩ ዕዳ ነበረብኝ፤ ደጀን እንዳለው ብተወውም ሌላው ይይዘዋል ብዬ ጣልሁ። ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደደመሰስሁት እግዚአብሔር ያውቃል።

ሙዙን በተመለከተ ሐሳቤ አልተለወጠም። የዳንግላው ልጅ የተናገረው ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ልቤ እየፈራ ጀልባ መምራት አልችልም። በእኔ ጀልባ ላይ ሙዝ አይወጣም። ነገር ግን ይህ የእኔ ፍርሃት ነው፤ ዋጋውንም መክፈል ያለብኝ እኔ ነኝ እንጂ ይህ ልጅ አይደለም። የሐሙስ ድርሻውን ዛሬ ማታ እሰጠዋለሁ። ከእንግዲህም አብሮኝ ለሚወጣ ሁሉ ዳቦና ድንች ከእኔ ቤት ይመጣል። በደንቡ ውስጥ ይግባ ያልሁትን አንቀጽ አንሥቻለሁ። ሌላው መሪ የራሱን ይወስን።

የዘጌዋ እኅቴ፣ ከነዘንቢልሽ ያወረደሽ እኔ አልነበርሁም። ግን ልሆን እችል ነበር።

የዘጌዋ፦

አውቃለሁ፣ ጋሼ።

የደንገል ልጅ፣ ከባሕር ዳር፦

ድርሻዬን እቀበላለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእርስዎ ጀልባ ላይም ያለ ሙዝ እወጣለሁ፤ ያልወደድሁት ተከልክዬ ሳይሆን ውኃ ላይ ጣለው መባሌ ነበር። እሑድ ግን በሙዙ አንቀጽ ቦታ ሌላ አቀርባለሁ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግልገል አባይ አፍ ላይ የማኅበራችን መረብ አይጣል የሚል። ከእናንተ ከታላላቆች አንድ ሰው ካልደገፈኝ እንደማያልፍ አውቃለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ እጅዎን ያወጣሉ?

መልሕቅ፣ ከባሕር ዳር፦

ክረምቱን በምን እንደምንኖርስ አስበሃል? ስድስት ቤተሰብ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤት ና፣ ደብተር ይዘህ ና፤ ቁጭ ብለን እናስላው።